ብርሌና ባለቀለም ብርጭቆ፦ ከአዱሊስ እስከ ጀፕ

ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን ለማክበር ሽር ጉድ በሚልበት በዚህ ሰሞን፣ የአገር ቤት ዕቃዎች ከየአባላቱ ቤት ተሰብስበው በአዳራሹ ለእይታ እንዲቀርቡ መወሰኑ ይታወቃል። መሶቡ፣ ጀበናው፣ ሙዳዩና ጭራው ሲመዘገብ ማንም ተቃውሞ አላነሣም። ክርክር የተነሣው በብርሌው ላይ ነው። «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ከባህል ዕቃ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ያሉ ነበሩ። «ያለ ብርሌ ጠጅ፣ ያለ ጠጅ ሠርግ የት ታይቶ ያውቃል!» ብለው የመለሱም ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳነው ሁለቱም ወገን የያዘውን እውነት ለመመርመር፣ በዚያውም በየቤታችን ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣውን አሮጌ ብርጭቆ እንዴት ለይተን ማወቅ እንደምንችል ለመጠቆም ነው።

እኛ የታሪክ ሊቆች አይደለንም። በወጣትነታችን የዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጠን፣ ዛሬ ግን መሪ ጨብጠን የምንውል ነን። ሆኖም ተሳፋሪ በሚጠበቅበት ሰዓት መጽሐፍ ማገላበጥን የከለከለን የለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ በዚህ አገር እንደለመድነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከየት መጣ?

ብርሌ የሚለው ስም ከጠጅ ቤት ውጭ በቅዱሳት መጻሕፍትም ዘመድ አለው። ቢረሌ በመጽሐፍ ቅዱሳችን የከበረ ድንጋይ ስም ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 28 በሊቀ ካህናቱ የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች መካከል ይቆጠራል፤ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ደግሞ ከቅድስት ከተማ 12 መሠረቶች 8ኛው እርሱ ነው። ሥሩ ግሪኮች ቤሪሎስ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ድንጋዩ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ስሙ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ተላለፈ። ይህም በእኛ ዘንድ ብቻ የሆነ አይደለም። ጀርመኖች መነጽርን ብሪለ የሚሉት ከዚያው ድንጋይ ስም ወስደው ነው። እንግዲህ የጠጅ ዕቃችንና የጀርመን መነጽር በስም ወንድማማች ናቸው ማለት ነው።

አዱሊስና አክሱም

ብርጭቆ ወደ አገራችን የገባው ትናንት የሚመስለው ሰው ቢኖር አሳቡን ሊያርም ይገባዋል። በ1ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ንግድ መርምሮ ጽፏል፤ መጽሐፉ የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ ይባላል። ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ልዩ ልዩ ዓይነት የብርጭቆ ዕቃዎችን ይጠቅሳል፤ በግብፅ በዲዮስጶሊስ ከተማ የሚሠራውን፣ የከበረ ድንጋይ ያስመስላል የሚባለውን ባለቀለም ብርጭቆም ይጨምራል። በአጸፋው ከእኛ ዘንድ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ነበር።

ጽሑፉ የሚለውን መሬቱም መሰከረለት። ኔቪል ቺቲክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም ባካሄዷቸው ቁፋሮዎች ከመቃብሮችና ከመኖሪያ ፍርስራሾች የብርጭቆ መጠጫዎች፣ ስብርባሪዎችና ዶቃዎች ተገኝተዋል። ብርጭቆ ከሟቹ ጋር ይቀበር ነበርና፣ ዕቃው ምን ያህል ይከበር እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቅሎ፣ ብርሌና ግብር

ዘመናቱን ዘለን ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ስንመጣ፣ ብርሌ በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ቤት ሞገስ አግኝቶ እናየዋለን። በዚያ ዘመን አገራችንን የጎበኙ መንገደኞች ስለ ጠጅ ባወሩ ቁጥር ብርሌን ያነሣሉ። ዕቃው አገር ውስጥ አይነፋም ነበር፤ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ይገባል። የብርጭቆ ጥበብ በአውሮፓ ስሙ የገነነው በቬኒስ ነው፤ የቬኒስ መንግሥት በ1291 እቶኖቹን በሙሉ ከከተማው አስወጥቶ ሙራኖ ወደምትባለው ደሴት አዛውሯቸዋል። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ሥጋት ነው ይባላል፤ ጥበቡ እንዳይሰረቅም ደሴቱ አመቺ ነበረች። የቦሄሚያ ሠሪዎችም ከቬኒስ የማይተናነስ ባለቀለም ብርጭቆ ያወጡ ነበር።

እስቲ የዚያን ዘመን መንገድ እናስብ። ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጣ ገደልና ወንዝ የበዛበት ጉዞ ነው። ብርሌው በጭድ ተጠቅልሎ በቅሎ ላይ ይጫናል። በቅሎዋ አንድ ጊዜ ስትደነቃቀፍ የሚቀረው ስባሪ ነው። ስለዚህ ደኅና ሆኖ የደረሰው ሁሉ ውድ ነበር። ተራው ሰው በቀንድ ዋንጫና በቅል ሲጠጣ፣ ብርሌ የጌታና የእመቤት መለያ የሆነው ለዚህ ነው።

ባለቤቶቹም ለብርሌ ሥርዓት አበጁለት። አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ መርዝ የሌለበት መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ብርሌው በጨርቅ ይሸፈናል፤ ለዝንብም ለዓይንም ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ጠባብ መሆኑም ለዚህ አገልግሎት ምቹ ነው፤ ሽታውን ይይዛል፣ ዝንቡን ይከላከላል፣ የጠጁን ጥራት ደግሞ ሳይደብቅ ያሳያል። ፊልተሩ ያልጠራ ጠጅ በሸክላ ቢቀርብ ማን ያውቅበታል? በብርሌ ሲቀርብ ግን ጠጅ ጣይዋ ትመሰገናለች ወይም ትታማለች።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረት የተፈጠረው ከዚህ ኑሮ ነው። ስፌት ቢበጠስ ይሰፋል፤ ቀንድ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ብርሌ ግን አንዴ ከነቃ አለቀለት። ሕዝባችን ይህን ለወዳጅነት፣ ለትዳርና ለእምነት አዋለው። ልብ እንበል፤ ሕዝብ እንዲህ ያለ ተረት የሚተርተው አብሮት በኖረ ዕቃ ላይ ነው።

ባቡሩና ቡፌው

የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የብርጭቆ ታሪክ ተለወጠ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጭነት በሣጥን ታሽጎ በቀናት መድረስ ጀመረ። የህንዱ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤትን የመሳሰሉ፣ እንዲሁም የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሸቀጡን በየመደብራቸው ደረደሩት። ብርሌ ከመኳንንት አዳራሽ ወጥቶ ወደ ጠጅ ቤት ገባ፤ ማንም ሳንቲም ያለው የሚጨብጠው ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የቡፌ ዘመን ነው። የሻይ ብርጭቆው፣ ማር የሚመስለው ቡናማ ሳሕን፣ ሰማያዊው የአበባ ማስቀመጫ፣ አፉ በወርቅ ቀለም የተቀባው የአረቄ መለኪያ ሁሉ እናቶቻችን በዕቁብና በቁጠባ የገዙት ነው። ቡፌው ለእንግዳና ለዓመት በዓል ካልሆነ አይከፈትም ነበር። እኛም ልጆች ሳለን በመስታወቱ በኩል አይተን ከማለፍ በቀር እጃችን አልደረሰበትም።

ኋላም በአዲስ አበባ አስኮ አካባቢ የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ ተቋቁሞ ለቢራና ለለስላሳ መጠጥ የሚሆን ጠርሙስ አገር ውስጥ ይመረት ጀመር። ባለቀለም መስታወት በኪነ ጥበብም ትልቅ ስፍራ አግኝቷል። አፈወርቅ ተክሌ በ1961 ለአፍሪካ አዳራሽ ያዘጋጁት፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሚደርሰው የመስታወት ሥዕል ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን የአፍሪካ ዘመን ያሳያል። አዲስ አበባ የሚሄድ የማኅበራችን አባል ይህን ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለናል።

አሮጌውን ከአዲሱ እንዴት እንለየው?

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። አንድን ብርጭቆ ለማወቅ የሚከተሉትን መመልከት ይጠቅማል።

1ኛ. *ቂጡን ማየት።* በአፍ ተነፍቶ የተሠራ ዕቃ፣ ሠራተኛው ከብረት ዘንጉ ሲያላቅቀው በቂጡ ላይ ሻካራ ጠባሳ ወይም ተሞርዶ የለሰለሰ ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል። በአካሉ ውስጥ ትንንሽ የአየር አረፋዎች ይታያሉ፤ ውፍረቱም እኩል አይሆንም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የእጅ ሥራ ምስክር ነው።

2ኛ. *የጎኑን መስመር መከተል።* በቅርጽ ማውጫ የወጣ ጠርሙስ በጎኑ ስፌት የመሰለ ቀጭን መስመር አለው። መስመሩ ከአፉ በታች ካቆመ ከንፈሩ በእጅ የተሠራ ነውና አሮጌ ለመሆኑ ምልክት ነው። እስከ አፉ ጫፍ ከዘለቀ ግን የመኪና ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ ጠርሙስ የሚሠራውን አውቶማቲክ መኪና ያወጣው በ1903 ገደማ ነውና፣ ዕቃው ከዚያ ወዲህ ያለ ነው።

3ኛ. *ቀለሙን መመርመር።* ብርጭቆ አሸዋ፣ ሶዳና ኖራ ቀልጦ የሚሠራ ነው። አሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ወደ አረንጓዴ ይስበዋል፤ በርካሽ የተሠራ አሮጌ ብርሌ አረንጓዴ ጥላ የሚኖረው ለዚህ ነው። ኮባልት ሰማያዊ ያደርገዋል፤ መዳብ እንደ አሠራሩ ውኃ ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሰጣል፤ ብረት ከድኝና ከከሰል ጋር ሲሆን የቢራ ጠርሙስን ቡናማነት ያመጣል። እጅግ ጥሩው ደማቅ ቀይ ግን የሚወጣው በጥቂት ወርቅ ነው።

4ኛ. *የብር መመርመሪያው መብራት።* ከ1830ዎቹ ጀምሮ በቦሄሚያ ትንሽ ዩራኒየም የተጨመረበት ቢጫማ አረንጓዴ ብርጭቆ መሠራት ጀመረ። ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ መሄድ አያሻም። በጀፕ ብዙ ሱቆች ሐሰተኛ ራንድ የሚፈተሽበት ሐምራዊ መብራት አለ። ሱቁን ጨለም አድርጎ ዕቃውን ከመብራቱ ሥር ማድረግ ነው፤ ዩራኒየም ካለበት እንደ እሳት እራት ዓይን አረንጓዴ ሆኖ ይበራል።

5ኛ. *ድምፁን መስማት።* በጥፍር ቀስ ብሎ ሲመታ ደኅናው ይጮኻል፤ የነቃው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይህን እናቶቻችን ገበያ ላይ ሸክላ ሲገዙ የሚያደርጉት ነውና ማስተማር አያስፈልገንም።

በጌጡና በአበባው አጣጣል መለየትን በተመለከተ ደግሞ ከአሜሪካ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ከ1929 እስከ 1939 በነበረው የኑሮ ውድቀት ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሮዝ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ርካሽ ብርጭቆ በመኪና እያተሙ ያወጡ ነበር። ዕቃው ለሲኒማ ተመልካች ይታደላል፤ በእህል ካርቶን ውስጥም ምርቃት ሆኖ ይገባል። ማንም እንደ ቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1970 ግን ሄዝል ዌዘርማን የምትባል ሴት የእያንዳንዱን ዓይነት ጌጥ፣ ቀለምና ፋብሪካ መዝግባ መጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ጌጡን በየስሙ እየጠሩ ይሰበስቡት ጀመር። ዋጋው ሲወጣ ግን አስመሳዩም መጣ፤ ቼሪ ብሎሰም የሚባለው የታወቀ ጌጥ በዚያው በ1970ዎቹ እንደገና ታትሞ ገበያ ላይ ወጥቷል። አስመሳዩን ከዋናው ለመለየት የቻሉት ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ስለ ነበረ ነው። ርካሹን የወጥ ቤት ዕቃ ቅርስ ያደረገው መዝገቡ ነው።

ስለ አያያዙም አንድ ነገር እንበል። አንገተ ጠባቡን ብርሌ በጠጠር አናጥብ፤ ይጭረዋል። ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ጥሬ ሩዝ ጨምሮ መነቅነቅ ይበቃል። የፈላ ውኃ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ተረቱን በገዛ እጅ መፈጸም ነው።

የዚህ አገር ብርጭቆ

ዐሥር ዓመት ሙሉ ማኅበር አቋቁመን የኖርንበት ይህ አገርም የራሱ የብርጭቆ ታሪክ አለው። በሰሜን ከሊምፖፖ ወንዝ አጠገብ ኬ-ቱ የሚባል ጥንታዊ መንደር ነበረ፤ ሰዎች የኖሩበት በግምት ከ1000 እስከ 1220 ነው። ነዋሪዎቹ የዝሆን ጥርስ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ልከው በምላሹ ጥቃቅን ባለቀለም የብርጭቆ ዶቃ ያገኙ ነበር። ታዲያ ዶቃውን እንዳለ በማንጠልጠል ብቻ አልተወሰኑም። ጥቃቅኑን ሰብስበው፣ በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አቅልጠው፣ እነርሱ የወደዱትን ትልቅና ወፍራም ዶቃ አወጡለት። ከመንደሩ የሸክላ ቅርጾቹ ጭምር ተገኝተዋል። ከኬ-ቱ ቀጥሎ የመጣው ማፑንጉብዌ ነው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወርቅ አውራሪሱ የተገኘበት፣ በ2003 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ማለት ነው። ከዚያ የተገኘው ስብስብ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ይጠበቃል።

ጆሃንስበርግ ራሷ በ1886 ወርቅ ሲገኝ የበቀለች ከተማ ናት። የማዕድን ሠራተኞቹ የጣሉት የቢራ፣ የመድኃኒትና የለስላሳ ጠርሙስ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ሱቆች ይሸጣል። በአንገቱ ውስጥ የብርጭቆ ብይ ያለበት ጠርሙስ እንግሊዛዊው ኮድ በ1870ዎቹ ያወጣው ነው፤ ልጆች ብዩን ለመጫወት ሲሉ ስለሚሰብሩት ሙሉው ብዙ አይገኝም። ወይን ጠጅ ጥላ ያለው ጠርሙስ ሲያጋጥም ደግሞ ፀሐይ የሠራችው ነው። እስከ 1ኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ብርጭቆውን ለማጥራት ማንጋኒዝ ይጨመርበት ነበርና፣ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል። በካሩ ምድረ በዳ እንዲህ ያለው ይበዛል።

እዚህ ላይ አባላትን እናስጠነቅቅ። በዚህ አገር የ1999 የቅርስ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ የሆነን የአርኪዮሎጂ ቅርስ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ከአገር ቤትም ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ተከልክሏል። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛውን ከነደረሰኙ፣ ከቤት የመጣውን ከነታሪኩ መያዝ ያስፈልጋል።

ወደ ክርክሩ እንመለስ

ብርሌ የእኛ ነው ወይስ የሰው? የሠራው እጅ የእኛ አልነበረም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን በበቅሎ አስወጥቶ፣ ስም አውጥቶ፣ ሥርዓት አበጅቶ፣ ተረት ተርቶ ያኖረው የእኛ ሕዝብ ነው። የኬ-ቱ ሰዎች የባሕር ማዶውን ዶቃ አቅልጠው የራሳቸው እንዳደረጉት፣ የእኛም አባቶች ብርሌን ሳያቀልጡ የራሳቸው አደረጉት። ስለዚህ ከመሶቡ አጠገብ መቀመጥ ይገባዋል እንላለን።

ይህ ክርክር ለእኛ የዕቃ ብቻ አይደለም። ከ1994 በኋላ በአንድ በአንድ እየመጣን፣ ሐኪሞች ለቀዋቸው የሄዱትን የጀፕ ሕንፃዎች ሱቅ በሱቅ አድርገን፣ ቡና የሚሸትበት ሰፈር አደረግናቸው። መንገዱ ከ2014 ወዲህ በራሂማ ሙሳ ስም ተሰይሟል፤ በ1956 ሴቶቹን ወደ ፕሪቶሪያ ከመሩት አንዷ ናቸውና ስሙ ይገባቸዋል። እኛ ግን ከልማድ የተነሣ ጀፕ ማለታችንን አልተውንም። በ2008፣ በ2015 እና በ2019 «የውጭ ሰው» ተብለን ሱቃችን ሲዘረፍና ሰው ሲሞት አይተናል። የመጣበትን ብቻ እያዩ «ይህ የእኛ አይደለም» ማለት ምን እንደሚያስከትል ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ይህንኑ ፍርድ በብርሌያችን ላይ ባንፈርድ መልካም ነው።

ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ብርሌውን ያዩታል እንጂ የማን እንደነበረ አያውቁም። ባለቤቱ ሲያልፍ ወይም ቤት ሲቀየር ዕቃው በካርቶን ተጥሎ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በጥቂት ራንድ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አንገተ ረጅም ጠርሙስ እንጂ ብርሌ የሚለው አይኖርም። ዕቃው ባይነቃ እንኳ ታሪኩ ነቃ ማለት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ተራ ደብተር እንዲከፍት አሳብ እናቀርባለን። ለእይታ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ዕቃ አምስት ጥያቄ ይጻፍለት፦ ከየትኛው ከተማ መጣ? በማን ቤት ነበረ? በስንት ዓመተ ምሕረት ተገዛ ወይም ተሰጠ? ለምን ጊዜ ይወጣ ነበር? ቂጡ፣ ጎኑና ቀለሙ ምን ይመስላል? ፎቶግራፉም ይለጠፍበት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላና መጻፍ የሚችል ልጅ ነው። እናቶችና አባቶች ይናገሩ፤ ልጆች ይጻፉ። በዚያው ሁለቱም ይተዋወቃሉ።

በበዓሉ ቀን ብርሌ ይዛችሁ ስትመጡ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ከጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ያዙ። የጆሃንስበርግን መንገድ እኛ የምንነዳበት እናውቀዋለን፤ ከምጽዋው ገደል አይተናነስም።

ለመላው አባላትና ቤተሰቦቻቸው መልካም በዓል እንዲሆን እንመኛለን። ለ20ኛው ዓመት በሰላም ያድርሰን።